መልካም እረኛ በባዕድ አገዛዝ ፊት፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሕይወትና ለእኛ የተዉት ውርስ



በየዓመቱ ሐምሌ 22 ቀን በደረሰ ጊዜ የሀገራችን ሕዝብ የአንድ ጳጳስን ስም እያነሣ ያስባል። እኒህም በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በፋሽስት ኢጣሊያ ወታደሮች ጥይት የወደቁት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የምንኖር ካቶሊካውያን ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ ልጆቻችንም ከኦርቶዶክሳውያን ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ይህን ስም ሰምተው ወደ ቤት የተመለሱ ልጆች ወላጆቻቸውንና መምህራቸውን ሊጠይቁት የሚችሉት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እኒያን ጳጳስ የገደሏቸው ከሮም የመጡ ሰዎች አይደሉምን? እኛስ ከማን ወገን ነን?» የሚል ነው። ልጅን ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ዝም የተባለ ጥያቄ ግን በልብ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ በዚህ እትም የአቡነ ጴጥሮስን ሕይወት ባጭሩ ተመልክተን፣ ከሞታቸው የምንማረውን፣ በቤተ ክርስቲያናችንም በኩል በእውነት ልንናገረው የሚገባንን ለማብራራት እንሞክራለን።

1. ከፍቼ እስከ ጵጵስና

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፣ ፍቼ ነው። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሱ፤ ከዚያም በመምህርነት ያገለግሉ ጀመር። በመምህርነታቸውና በጸሎታቸው የታወቁ ስለ ነበሩ ለጵጵስና ከተመረጡት ጥቂት መነኮሳት አንዱ ሆኑ።

የዚህን ምርጫ ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከቅዱስ ፍሬምናጦስ፣ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ፣ ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመታት በላይ ለኢትዮጵያ የሚሾመው ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣ ነበር። የሀገሩ ልጅ ቀስና ዲያቆን፣ መምህርና አበምኔት ይሆናል እንጂ ጳጳስ ለመሆን አልታደለም ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን ከብዙ ድርድር በኋላ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ካይሮ ሄደው በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። አቡነ አብርሃም ለጎጃም፣ አቡነ ጴጥሮስ ደግሞ ለወሎ ተመደቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በ2007 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገረ ስብከታችን ባሕር ዳርንና ደሴን በአንድነት ስሙ አድርጎ ይጠራል። ስለዚህ አቡነ ጴጥሮስ እረኛ ሆነው የተላኩበት ምድር ለእኛም እንግዳ ምድር አይደለም። እርሳቸው በጎቻቸውን ያሰማሩበት ሀገር ዛሬ የእኛም ካህናት የሚመላለሱበት ሀገር ነው።

2. የመከራው ዘመን

ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግራ ኢትዮጵያን ወረረች። የመርዝ ጋዝ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በሣር ላይ ከአውሮፕላን ወረደ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። የጣና አካባቢያችንም በዚያው የበልግ ወራት በወራሪው እጅ ወደቀ።

ሆኖም ከተሞች ተያዙ እንጂ ሀገሪቱ አልተገዛችም። በሸዋ የራስ ካሣ ልጆች እነ ደጃዝማች አበራ ካሣ፣ ከእነርሱም ጋር ሌሎች የጦር አለቆች፣ በክረምቱ መካከል አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ተማከሩ። አቡነ ጴጥሮስ በዚያ ጊዜ ወደ መነኮሱበት ገዳም ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው ነበር፤ ከአርበኞቹም ጋር ሆነው ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ያስተምሩና ያጽናኑ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞቹ ከተማይቱን አጠቁ። ዝናቡ የበረታ፣ ወንዞቹ የሞሉ፣ የየአቅጣጫው ጦርም እርስ በርሱ መገናኘት ያልቻለ ስለ ነበረ ጥቃቱ አልሰመረም። አቡነ ጴጥሮስም በወራሪው እጅ ገቡ። በችኮላ ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 22 ቀንም ሕዝብ በተሰበሰበበት በጥይት ተደበደቡ።

3. ከእርሳቸው የተፈለገው ቃል

የተወደዳችሁ፣ የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ወራሪው ጦር መድፍም አውሮፕላንም ነበረው። አንድ ያልነበረው ነገር ግን የሕዝቡ ኅሊና ነው። መድፍ ከተማን ይይዛል፤ ኅሊናን ግን የሚይዘው ቃል ነው። ስለዚህ ከጳጳሱ የተፈለገው ጦር ወይም ወርቅ ሳይሆን ቃል ነበር፤ ይኸውም አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ፣ የኢጣሊያም አገዛዝ ትክክለኛ መሆኑን ለሕዝቡ እንዲናገሩ ነበር። ይህን ቢሉ ኖሮ ነፍሳቸው በተረፈች ነበር። አቡነ ጴጥሮስ ግን እምቢ አሉ። በሕዝቡም ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር እንደ ኖረው፣ ለወራሪው የሚገዛውን ሰውም ምድሩንም በሥልጣነ ክህነታቸው አውግዘው ነው ወደ ሞት የሄዱት።

በስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን እግዚአብሔር ከልክሏል። ይህን ትእዛዝ ለልጆች ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ምሳሌ የተሰበረ ብርጭቆ ወይም የጠፋ እስክሪብቶ ነው። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ ከዚያ ይልቅ ይሰፋል። ኃይለኛ ሰው ደካማውን ዘርፎ «ዝርፊያው ፍርድ ነው በልልኝ» ሲል፣ ያን የሚል ሰው በሐሰት መስክሯል። ዝርፊያው ሀገርን የሚያህል ሲሆን፣ እንዲመሰክር የተጠየቀውም የመንጋው እረኛ ሲሆን፣ ሐሰቱ የስንቱን ነፍስ እንደሚያሰናክል መገመት አያዳግትም። አቡነ ጴጥሮስ ያን ሐሰት ላለመናገር ሞቱ። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ መልካሙ እረኛና ስለ ቅጥረኛው ሲያስተምር ሁለቱን የሚለያቸው ተኩላው በመጣ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር መሆኑን ያሳያል። ተኩላው እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም በትር ይይዛሉ፤ ሁለቱም እረኛ ይመስላሉ።

ይህን ስንል ሌሎቹን ለመኮነን አይደለም። ከእርሳቸው ጋር ጵጵስና የተቀበሉት አቡነ ሚካኤል እንዲሁ በወራሪው እጅ ጎሬ ላይ ተገድለዋል። የጎጃሙ አቡነ አብርሃም ግን በስተርጅናቸው ለአዲሱ አገዛዝ ተገዝተው በ1930 ዓ.ም. በኢጣሊያ ባለሥልጣናት ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ ተባሉ። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሕዝባቸውን ከባሰ እልቂት ለማዳን ያሰቡ ይሆናል፤ በልብ የነበረውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኛ የምንማረው ይህን ነው፤ በአንድነት የተሾሙ፣ አንድ ክህነት የተቀበሉ አባቶች እንኳ በፈተና ቀን ልዩ ልዩ መንገድ ሊይዙ ይችላሉ። ሹመቱ ጸጋ ይሰጣል፤ መልሱን የሚመልሰው ግን ሰው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ጳጳስ ከጦረኞች ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ለወረራ የሚደረግን ጦርነት ይኮንናል፤ የተወረረ ሕዝብ ግን ሌላ መንገድ ሁሉ ሲዘጋበት ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2309 የዚህን መከላከል ጥብቅ ገደቦች ዘርዝሯል። አቡነ ጴጥሮስ የቆሙት በተወረረው ሕዝብ በኩል ነው። በዚያችም በመጨረሻዋ ሰዓት መሣሪያቸው ቃላቸው ብቻ ነበረ።

4. በሩቅ ሀገር የተገኘ ተመሳሳይ ምስክርነት

ይህ ፈተና የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ሕዝባቸው በአብዛኛው ካቶሊካውያን የሆኑት የፊሊፒንስ ደሴቶች ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በካቶሊካዊት እስፓኝ ሥር ተገዝተዋል። እዚያም የሀገሩ ተወላጅ ካህናት ቁምስና እንዲሰጣቸው ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ጎሜዝ፣ ቡርጎስና ዛሞራ የተባሉ ሦስት ካህናት በወታደሮች አመፅ ተባባሪ ናችሁ ተብለው በማኒላ በአደባባይ በሞት ተቀጡ። የማኒላው ሊቀ ጳጳስ እስፓኛዊ ነበሩ፤ ገዢው ክህነታቸውን እንዲገፍፏቸው ቢጠይቃቸውም ግን አልተቀበሉም። ሦስቱም ከነክህነታቸው ሞቱ።

በዚያን ጊዜ ገና ልጅ የነበረው ሆሴ ሪዛል በኋላ የዓይን ሐኪምና ደራሲ ሆነ። ሁለተኛ ልብ ወለዱን ለእነዚህ ሦስት ካህናት መታሰቢያ አድርጎ አበረከተ። በመጽሐፎቹ የገዢዎቹን ግፍና የአንዳንድ መነኮሳትን በደል ስለ ገለጠ ተጋዘ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1896 በማኒላ በጥይት ተገደለ። ይህ የእኛ አባቶች በአድዋ ድል ባደረጉበት በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት የሆነ ነው። ፊሊፒናውያን ዛሬም ሪዛልን የሀገራቸው ጀግና አድርገው ያከብሩታል፤ ስለዚህም ካቶሊካዊነታቸውን አልተዉም። ገዢውን ከወንጌል፣ የገዢውንም ሰንደቅ ዓላማ ከመስቀሉ ለይተው ማየትን ተምረዋልና። ይህ ለእኛም የሚጠቅም ማስተዋል ነው።

5. በገዛ ቤታችን የሆነውን ስለ መናገር

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንመለስ። መልሳችን እውነተኛ እንዲሆን ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መናገር አለብን።

በመጀመሪያ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያን ወረራ ያመሰገኑ አባቶች ነበሩ። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. በካቴድራላቸው ሲሰብኩ የኢጣሊያን ዘመቻ ለወንጌልና ለሥልጣኔ የተደረገ አስመስለው አወድሰዋል። እኒያ የተመሰገኑት ወታደሮች ግን በግንቦት 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት ፈጁ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስተላለፈው ቁጥር ከአራት መቶ በላይ ነው፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ያ ገዳም አቡነ ጴጥሮስ የመነኮሱበት ገዳም ነው። ይህን መደበቅ አይገባንም፤ ብንደብቀውም ጎረቤቶቻችን ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሙሉ እንዲያ አልነበረችም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ወረራው ከመጀመሩ በፊት፣ በነሐሴ 1927 ዓ.ም.፣ ለመውረር ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሕ የሌለው መሆኑን ተናግረው ነበር፤ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ድምፃቸው የተጠበቀውን ያህል አልተሰማም። በሐረር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለገሉት ፈረንሳዊው ካፑቺን ጳጳስ አቡነ እንድርያስ ጃሮሶ በ1930 ዓ.ም. በወራሪው ግፊት ከመንጋቸው ተለይተው እንዲወጡ ተደርገዋል። ካርዲናል ሹስተርም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1938 የፋሽስቱን የዘር ሕግ ኑፋቄ ነው ብለው በዚያው ካቴድራል ተቃውመዋል። እንግዲህ የተሳሳተ ሰው መመለስ ይችላል፤ መመለስ የሚቻለው ግን ስሕተቱ በስሙ ሲጠራ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመተ ኢዮቤልዩ የቤተ ክርስቲያን ልጆች በዘመናት ለፈጸሙት በደል በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቁት ስለዚህ ነው።

6. የሰማዕታት ደም አይከፋፈልም

ቁስሉ በአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነም እናስታውስ። ከዚህ ከጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ከምትገኘው ከዲቦ የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ሲፈልጉ ከገዳም ገዳም፣ ከሀገር ሀገር የተንከራተቱ መነኩሴ ነበሩ። ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር ተገናኝተው ወደ ካቶሊካዊት እምነት ገቡ፤ ስለዚህም ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሞቱ። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በኅሊናቸው የያዙትን እምነት ካዱ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ አቡነ ጴጥሮስም ሕዝባቸውን ካዱ ሲባሉ እምቢ አሉ። አንዱን ያሳደዱት ኦርቶዶክሳውያን ባለሥልጣኖች ነበሩ፤ ሌላውን የገደሉት ከካቶሊካውያን ሀገር የመጡ ወታደሮች ነበሩ። የሁለቱም እምቢታ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ሰው ከሚያስፈራው ይልቅ እግዚአብሔርን መፍራት።

ይህ የእኛ የግል አስተያየት ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ሰነድ፣ ከእኛ ተለይተው በሚኖሩ ወንድሞች ዘንድ ደም እስከ ማፍሰስ የሚደርሰውን ምስክርነት ካቶሊካውያን በደስታ እንዲያከብሩ አስተምሯል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያ የባሕር ዳርቻ የታረዱትን 21 ሰማዕታት እ.ኤ.አ. በ2023 በሮማዊው መጽሐፈ ሰማዕታት እንዲጻፉ አድርገዋል። ከእነዚህ ሰማዕታት አብዛኞቹ ለአቡነ ጴጥሮስ ጵጵስናን የሰጠችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው።

7. ለመምህራን ምክር

አዲስ አበባ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል። ሐውልት ተነሥቶ ሊመለስ ይችላል፤ ትዝታ ግን አንድ ጊዜ ከልጆች ልብ ከወጣ፣ ወይም ተጣሞ ከገባ፣ መመለሱ ይከብዳል። ስለሆነም ይህን ትምህርት ስታስተምሩ ሦስት ነገሮችን እንድታስቡ እንለምናለን።

አንደኛ፣ ታሪኩን ሙሉውን ንገሩ። የእኛን ወገን ጥፋት ዘልላችሁ አትለፉ፤ ልጅ እውነቱን ከመምህሩ ቢሰማ እምነቱ ይጸናል፤ ከመንገድ ቢሰማ ግን መምህሩን ይጠራጠራል።

ሁለተኛ፣ በእኒህ አባት ስም ጥላቻን አታስተምሩ። የዛሬ ኢጣሊያውያን የትናንቱን ደም ተጠያቂዎች አይደሉም። በራሳችን ሀገርም ወንድም በወንድሙ ላይ በሚነሣበት ጊዜ የሰማዕትን ስም ለአንድ ወገን ቁጣ ማንገብ ሰማዕቱን ማሳነስ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ የዕለት ኑሯቸውን እንዲመረምሩ እርዱ። ከእኛ መካከል በጥይት ፊት የሚቆም ጥቂት ነው፤ ሐሰት የሆነ ወረቀት እንዲፈርም፣ ያላየውን እንዲመሰክር፣ በደካማ ላይ ከሚሳለቁ ጋር እንዲስቅ የሚጠየቅ ግን ብዙ ነው። የዚያች የሐምሌ ቀን እምቢታ በእነዚህ ትንንሽ ቀኖች ትጀምራለች።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

ሀ. ወራሪው ከአቡነ ጴጥሮስ ቃልን የፈለገው ለምንድር ነው? የእረኛ ቃል በሕዝብ ዘንድ ምን ክብደት አለው?

ለ. በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እረኛውና ቅጥረኛው በምን ይለያያሉ? ምንባቡን አብራችሁ አንብቡና ተወያዩ።

ሐ. አንድ ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤታችሁ ስለዚያ ዘመን ቢጠይቃችሁ በእውነትና በትሕትና ምን ትመልሳላችሁ?

መ. በዚህ ሳምንት እውነት ያልሆነ ነገር እንድትናገሩ የተጠየቃችሁበት ጊዜ ነበርን? ምን አደረጋችሁ?

ልጁ «እኛስ ከማን ወገን ነን?» ብሎ ሲጠይቅ እንግዲህ መልሳችን ይህ ይሁን፤ ልጄ ሆይ፣ እኛ ስለ በጎቹ ነፍሱን ከሰጠው ከክርስቶስ ወገን ነን፤ ስለዚህ በዚያች ቀን የእኛ ስፍራ ከተኮሱት ዘንድ ሳይሆን ከወደቁት አባት ዘንድ ነው። ይህን በልበ ሙሉነት ለመናገር እንድንበቃ፣ ስላለፈውም በደል ንስሓ የሚገባ ልብ እንዲኖረን፣ የሰላም እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በምልጃዋ ትርዳን። አሜን።